ገንፎ ወዳዱ አባቴ

ገንፎ የሚወድ ሰው አውቃለሁ የምትሉ ሁሉ፣ አባቴን አላያችኋቸውም። እሳቸው ገንፎ ሲቀዘቅዝባቸው ሐዘን የገባባቸው ይመስላሉ።

በደርግ ጊዜ አንድ እሁድ ጠዋት ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን የቀበሌ ስብሰባ ተጠራን። ገንፎውን አገንፍቼ በጨርቅ ሸፈንኩና አብረን ሄድን። ስብሰባው ሲረዝም አባቴ ብድግ አሉ። ያኔ ስብሰባ ጥሎ መውጣት ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ ነበር? የባሰበት እንኳ ሆዴን አመመኝ ይላል። ጋቢያቸውን ከኋላ ጎተትኩ፤ አልሰሙኝም።

«ወዴት ነው አባባ?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ወላሂ አልዋሽህም ልጄ፣ ገንፎዬ ሊቀዘቅዝብኝ ነው።»

«ገንፎ ከአብዮቱ ይበልጣል?»

«አብዮቱማ ነገም ትኩስ ነው!»

እኔ በልቤ እስር ቤት ስንቅ የማመላልስበትን ሳህን መረጥኩ። ሊቀ መንበሩ ግን ሳቁ አመለጠው። ስብሰባውን ዘግቶ እቤታችን ድረስ ተከተለን።

አባቴ አጠገባቸው አስቀምጠው ማንኪያ ሰጡት። ገንፎው መሃል ወዳለው ቅቤ ማንኪያውን ሲሰድ ግን በመዳፋቸው ከለሉት።

«አንተ ከዳር ጀምር!»

ጀመረ። ቀበሌው ሁሉ የሚፈራውን ሰው ከዳር ያስጀመረ አባት ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ።