ሰብሳቢውን ስለሚመስለው በሬ

ቀን፦ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሆሳዕና፣ ከአቶ ኸይረዲን ሱቅ ጀርባ ያለው መጋዘን
የማኅበሩ ስም፦ የድሮ አስቂኝ የካርቱን ፊልሞች አሰባሳቢ ማኅበር
የተገኙ፦ ሰብሳቢው አቶ አክሊሉ (ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር)፣ ወ/ሮ ገነቴ፣ አቶ ኸይረዲን፣ አቶ ሲላስ፣ ጸሐፊው ሚክያስ
ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት አምስቱ ስለመጡ ተሟልቷል። ስድስተኛው አባል ኮታቸውን ልከው ወንበር ስላስያዙ በከፊል እንደተገኙ ተቆጥሯል።

1. የመክፈቻ ጸሎት
ጸሎቱን ሰብሳቢው ራሳቸው መሩት። ስለ ዝናቡና ስለ ከተማው ሰላም ካመሰገኑ በኋላ፣ ዛሬ ይታያል የተባለው የበሬው ፊልም በሳጥን እንዲታሸግ ለምነው አሳረጉ። ዓይናችንን እንደጨፈንን አሜን አልን። ሰብሳቢው ዓይናቸውን ሲገልጡ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መጽደቁን አስታወቁ። አቶ ኸይረዲን እሳቸው አሚን ያሉት ለዝናቡ ብቻ መሆኑን ቢገልጹም፣ ሰብሳቢው አሜን ተከፋፍሎ አይቆጠርም ብለው ደነገጉ።

2. የበሬው ፊልም
አቶ ሲላስ ፊልሙን ያገኙት ቦኖሻ ገበያ፣ የዶሮ እግር ታስሮበት ነው። መነጽር ያደረገ በሬ ስለ ሣር እጥረት ስብሰባ ይመራል፤ እንስሳቱ እጃቸውን ባወጡ ቁጥር ሣሩን ይበላል። ሰብሳቢው የራሳቸውን መነጽር አስተካክለው፣ የበሬው መነጽር የማን እንደሆነ እንደማይጠፋቸው ተናገሩ። ወ/ሮ ገነቴ ፊልሙ የተሠራው ሰብሳቢው ሳይወለዱ መሆኑን አስረዱ። ሰብሳቢውም ሳይወለዱ ጀምሮ መታማታቸው ነገሩን እንደሚያብሰው ገለጹ።
ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መነጽሩ ከእያንዳንዱ ሥዕል ላይ በምላጭ እስኪፋቅ ፊልሙ ታሽጎ እንዲቆይ፣ ፋቂውም አቶ ሲላስ እንዲሆኑ ተወሰነ።
አቶ ሲላስ እንኳን መነጽሩን በሬውንም በደንብ እንደማያዩት፣ ሐኪም የዓይናቸው ብርሃን ብዙ እንደማይቆይ እንደነገራቸው፣ ሳይጨልምባቸው አንዴ ግድግዳ ላይ ሊያዩት ብቻ እንደሚለምኑ ተናገሩ። እኔም ብዕሬን አስቀመጥኩ።

3. የመዝጊያ ጸሎት
ተራው የወ/ሮ ገነቴ ነበር። ስለ ሰብሳቢው ትዕግሥት አመስግነው፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻርና ፊልሙ አሁኑኑ እንዲታይ ለመኑ። አሜን ተባለ። ከሁሉም ድምፃቸው ጎልቶ የተሰማው፣ ከልማድ የተነሳ፣ የሰብሳቢው ነው። ቆይተው ነገሩ ሲገባቸው ለመቃወም ቢሞክሩም፣ አሜን የማይከፋፈል መሆኑን ራሳቸው እንደደነገጉ አቶ ኸይረዲን በትሕትና አስታወሷቸው።

ውሳኔ፦ በዚህ ስብሰባ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል።
ስብሰባው ከቀኑ 11፡20 ላይ እንደተጠናቀቀ መብራቱን አጠፋን፤ ፊልሙም ታየ። አቶ ሲላስ የደበዘዘባቸውን ቦታ፣ ከጎናቸው ተቀምጠው በበሬው ድምፅ የተረኩላቸው ሰብሳቢው ናቸው።