ጋሽ ታፈሰ የተነሡላቸው እንግዶች

ሰው ቤት አገባባችን ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ደውለን መኖራቸውን እናረጋግጣለን። ፓርኪንጉ ላይ ስንደርስ ደርሰናል ለማለት እንደገና እንደውላለን። በሩ ላይ ደግሞ አንኳኩተን፣ ያም አልበቃ ብሎን «ቤቶች!» እንላለን፤ ሲከፈትልን አስቸገርናችሁ እያልን የገዛ ጫማችንን እናያለን። ይህ ሁሉ አልፎ ከገባን በኋላም ሌላ ትግል ይጠብቀናል። የቤቱ ሰው ሊነሣ ሲል መዳፋችንን ወደ መሬት ጫን ጫን እያደረግን «ኧረ በእግዜር፣ አይነሡ!» እንላለን፤ እሱ ይነሣል። እንለምነዋለን፤ ይነሣል። እስቲ እውነቱን እናውራ፣ የምር ሳይነሣ ቢቀር በማግሥቱ የምናማው እኛው አይደለንም?

ጋሽ ታፈሰ በዚህ ትግል ተሸንፈው አያውቁም። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ከልጃቸው ከሮማን ጋር ከዳላስ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ይኖራሉ። የከተማዋን ስም ብጠራው ከምክር ቤቷ ጋር ስለምንጣላ ይቅር። ለቄስ ይነሣሉ፣ ለጎረቤት ይነሣሉ፣ ፒዛ ለሚያደርስ ልጅ ሳይቀር ይነሣሉ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምኖርበት የዳላስ ሰፈር፣ ከሌክ ሃይላንድስ፣ እየነዳሁ ስጠይቃቸው አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው ተቀብለውኝ አያውቁም።

አንድ ጠዋት፣ ሮማን ከሆስፒታል የሌሊት ሥራዋ ሳትመለስ፣ ጋሽ ታፈሰ ሶፋቸው ላይ ሆነው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ይበላሉ። በሩ ሳይንኳኳ፣ ቤቶች ሳይባል፣ ከነማጠፊያው ተገንጥሎ ወደ ውስጥ ወደቀ። የራስ ቁር የደፉ፣ ጠብመንጃ የደገኑ ፖሊሶች እየጮሁ ገቡ። ጋሽ ታፈሰ ከጩኸቱ አንድ ቃል አልለዩም። የለዩት የፊተኛውን ፖሊስ እጅ ነው፤ መዳፉን ወደ መሬት ጫን ጫን ያደርጋል። ያቺን ምልክት ዕድሜ ልካቸውን ያውቋታል። የሻዩን ብርጭቆ አስቀመጡና፣ እንደ ወጉ፣ ተነሡ።

የቀረውን ወለሉ ላይ ተደፍተው ነው ያዩት። ዳሌያቸው ተሰበረ።

የሚፈለገው ሰው ለካ እነ ሮማን ሳይገቡ በፊት ቤቱን የለቀቀ ተከራይ ኖሯል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚሉ አበው፣ ሳያንኳኩ ሰው ቤት ግቡ ብሎ ማዘዣ የሚፈርም ዳኛ አላጋጠማቸውም። ቢያንኳኩ ተፈላጊው የሚሸጠውን አደንዛዥ ዕፅ ሽንት ቤት ይደፋዋል ነው ምክንያቱ። ጋሽ ታፈሰ የነበራቸው ሻይ ነው፤ እሱም ምንጣፉ ላይ ተደፋ።

«ሳሪ እንኳ አላሉንም እኮ» አለችኝ ሮማን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ። «ማለቴ፣ በሩን ማነው ፊክስ የሚያደርገው ስላቸው፣ ሌንድሎርድሽን ኮል አድርጊ አሉኝ። ጥይት ስላልተተኮሰ ደግሞ ዕድለኛ ናችሁ ተባልን።»

ዕድለኛ! እኔ እስከ ዛሬ ይህችን ቃል ስሰማ ያንገበግበኛል።

አንዲት የምክር ቤት አባል ነገሩን ሰምታ፣ ሳያንኳኩ መግባትን የሚከለክል ደንብ አረቀቀች። ጋሽ ታፈሰ ካልተናገርኩ አሉ። በዚያ እግርዎ የት ይደርሳሉ ብንላቸው፣ የእኔ በር አንዴ ተሰብሯል፣ የምናገረው ላልተሰበረው ነው አሉን። ሄድን። ቤታችን ሳያንኳኩ የገቡ ሰዎች ቤት ለመግባት ተፈትሸን፣ ተመዝግበን፣ ስማችን እስኪጠራ ደጅ ስንጠና ዋልን።

ስብሰባው የተከፈተው በጸሎት ነው። እባካችሁ ተነሡ ተባለ፤ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ጋሽ ታፈሰም፣ ሮማን ይቀመጡ ብላ ትከሻቸውን ብትይዛቸውም፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው እያቃሰቱ ተነሡ። ተራቸው ደርሶ ከተናገሩ በኋላ፣ ቅድም ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው የምክር ቤት አባል፣ ፖሊሶቹ አትነቃነቅ እያሏቸው ለምን እንደተነሡ ጠየቃቸው። ሮማን ተረጎመችላቸው።

«ሰው ቤቴ ሲገባ እንዴት ተቀምጬ ልቀበለው? እናንተስ ቅድም ተነሥታችሁ አልነበር?»

ሮማን ይህንንም ተረጎመች። እኔ ሞኙ አሸነፍን ብዬ ነበር። ሰውየው ስለመጡ እናመሰግናለን አለና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

ደንቡ ጸደቀ። አትቸኩሉ፣ እልል አትበሉ። ሳያንኳኩ መግባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የፖሊስ አዛዡ አስፈላጊ ነው ብለው ካመኑ በስተቀር። ያን ጠዋትም እኮ አስፈላጊ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ሮማን መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። እኛ ደግሞ መስኮቷ ላይ ተደርድረን መጀመሩም ትልቅ ነገር ነው እያልን አጽናናናት። ማጽናናቱንማ ማን ብሎን።

ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ደወልኩ። ፓርኪንጉ ላይ ሆኜ ደግሜ ደወልኩ። አንኳኳሁ፣ ቤቶች አልኩ፣ ስሜንም ጨመርኩበት። ሮማን አዲሱን በር ከፈተችልኝ። አባቷ ደህና ድነዋል፤ ያለ ምርኩዝ እስከ ሱቁ ደርሰው ይመለሳሉ። ሶፋቸው ላይ ነበሩ። እንደ ልማዴ መዳፌን ወደ ታች ጫን ጫን እያደረግሁ «ኧረ በእግዜር፣ አይነሡ» አልኳቸው።

ጋሽ ታፈሰ እጄን አዩ። ሁለቱን እጆቻቸውን ዘርግተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ይህን ሁሉ ዘመን ስለምናቸው ኖሬ፣ ያን ቀን እሺ አሉኝ።