ጳጳሱ የተሸከሙት ድንጋይ

ጳጳስ ማለት ለአገራችን ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ድሮ ከግብፅ በረሃና ባሕር አቋርጦ ነበር የሚመጣው፤ አንዱ ሞቶ ሌላው እስኪደርስ አገሩ ቄስ የሚሾምለት አጥቶ ዓይኑ ይንከራተታል። ንጉሥ የሚቀባ እሱ፣ የተጣሉ መኳንንት የሚያስታርቅ እሱ፣ እምቢ ያለውን የሚገዝት እሱ። በጠላት ጠመንጃ ፊት ቆሞ ምድሪቱን ሳይቀር የገዘተም አለ። አሁን ደግሞ ጳጳሶቹ ከራሳችን ልጆች መሾም ጀምረዋል። ይህን ሁሉ ከትምህርት ቤት ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ፤ ትምህርቱን ገና በጠዋቱ ጥዬ ደጀን የጭነት መኪና ረዳት ሆኛለሁ። የአባይን ቁልቁለት ሲወርድ ከጭነቱ ላይ አብሮኝ ተቀምጦ ያላወራኝ ቄስና ነጋዴ የለም። ጳጳስ ድንጋይ ሲሸከም አየሁ ያለኝ ግን አንድም የለም። እኔ አይቻለሁ።

አባቴና ጎረቤታችን አያ ፈንቴ ከደብረ ወርቅ ወዲያ ኩታ ገጠም እርሻ አላቸው። በሬ ግን ያላቸው አንዳንድ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን በሬ አቀናጅተው አንድ ቀን ለእኛ፣ አንድ ቀን ለእነሱ ያርሳሉ። ታዲያ አንድ ጠዋት የድንበሩ ድንጋይ ተገፍቶ ተገኘ። አባቴ «ፈንቴ ነው» አለ፤ አያ ፈንቴ «እሱ ነው» አለ፤ በሬዎቹ ተለያዩ። ሽማግሌ ተቀምጦ «አጥፊው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ» ብሎ ፈረደ። ግሩም ፍርድ ነው፤ አጥፊ ነኝ ባይ ጠፋ እንጂ። ግንቦት ገባ፣ ደመናው ተንጠለጠለ፣ የሁለቱም መሬት ጦሙን አደረ። አንድ እንጨት አይነድም፤ አንድ በሬም አያርስም። እናቴ «ሳይታረስ ክረምት ከገባ ምን ልንበላ ነው?» ብላ ላከችብኝና መጣሁ።

በዚያው ሰሞን አዲስ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ሊባርኩ ጳጳሱ በበቅሎ መጡ። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ ነገረቻቸው። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ወዲያው እርሻው ድረስ ሄዱ፤ አገር ተከተለ።

«ከሁለታችሁ አጥፊው ማነው?» አሉ።

ሁለቱም ጣት ተቀሳሰሩ። ጳጳስ ፊት።

«እንግዲያው አጥፊው እኔ ነኛ» አሉና ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር ያገኙትን ድንጋይ ነቅለው ማጅራታቸው ላይ ጫኑ። «ይቅር በሉኝ ልጆቼ።»

ያ ድንጋይ የድንበሩ ድንጋይ ነበር። የመንደሩ ሰው ሁሉ አይቷል። ግን እናንተ ብትሆኑ ጳጳስን «እሱን ይተውት፣ ሌላ እናምጣልዎ» ትሉ ነበር?

አባቴና አያ ፈንቴ ተሽቀዳድመው ድንጋዩን ተቀበሏቸው፤ እሱን እንዳቀፉ ተሳሳሙ። እልልታው ቀለጠ፤ ሕዝቡ መስቀል ለመሳለም ሲጋፋ መሬቱን እንደ አውድማ ደለደለው። ግርግሩ ሲበርድ አባቴ ድንጋዩን ታቅፎ መሬት መሬቱን ያያል።

«ፈንቴ፣ የት ነበረ?»

«እንጃ። ግድ የለም፣ ወደ እኔ አስገባው።»

«በሞቴ፣ የሚገባስ ወደ እኔ ነው።»

«እኔ ልሙት ወደ እኔ።»

«ኧረ ተው ፈንቴ፣ አታናድደኝ።»

ድምፃቸው ከፍ አለ። ጳጳሱ እግራቸውን እርካብ ላይ እንዳደረጉ ዞር ብለው «ደግሞ ምን ሆኑ?» አሉኝ።

«መሬቱን አንተ ውሰድ፣ አንተ ውሰድ ተባብለው ነው አባታችን።»

«እንዲህ ያለውን ጠብ ያብዛላችሁ» ብለው በቅሏቸውን ነዱ።

በማግስቱ በሬዎቹ ተጠመዱ። ድንበሩ የት እንደነበረ ዛሬም የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም የለም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሌላ ክርክር ተነሣ፤ ጳጳስ የተሸከመው ድንጋይ በማን ደጅ ይቀመጥ? ሽማግሌ እንደገና ተቀመጠ። ድንጋዩ ከበሬዎቹ ጋር ይዙር ተባለ፤ ለእኛ ሲታረስ እኛ ደጅ፣ ለእነሱ ሲታረስ እነሱ ደጅ። ሽማግሌ ሞኝ አይደለም። የድንጋዩ ተራ እንዳይቀርበት የሚሰጋ ሰው በሬውን አይነጥልም።

ከደጅ ደጅ የሚያመላልሰውስ ማን ይመስላችኋል? አባቴን ወገቡን ያመዋል፤ አያ ፈንቴ ወንድ ልጅ የለውም። እርሻው እስኪያልቅ በየማለዳው ማጅራቴ ላይ አድርጌ ስሄድ የማያውቀኝ መንገደኛ ሁሉ እያዘነ «ምን አጥፍተህ ነው ልጄ?» ይለኛል።

«እኔ አይደለሁም» እላለሁ፤ «አጥፊው ጳጳሱ ናቸው።»

አማትቦ ያልፋል።