ሰው ሁሉ የሚዘገይባቸው አቀናባሪ

የድምፅ መቅጃ ስቱዲዮ ባለበት ሁሉ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ የሰውን ልጅ በሙሉ ከምት የወጣ አድርጎ የሚያይ አንድ አቀናባሪ አይጠፋም። የእኛው ክቡር ሊቀ ምት ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ አጃቢዎቹ ነን፤ እሳቸው ግን ከልባችን ይመስላቸዋል።

ክቡርነታቸው የሚያምኑት ክሊክን ብቻ ነው። ክሊክ ማለት ጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ጠቅ ጠቅ እያለ ፍጥነት የሚያስጠብቅ ድምፅ ነው። ከእሱ ቀድሞ የተገኘ ቸኩሏል፤ ኋላ የቀረ «ዘግይቷል፣ ወንድሜ፣ ዘግይቷል» ይባላል። አንድ ጊዜ የከበሮ መቺያችንን ምት አንድ በአንድ እያነሱ ስክሪኑ ላይ ክሊኩን በሚያሳዩት መስመሮች ላይ ደረደሩት። ሰውየው ሰምቶ፣ «ይሄን ማን ነው የመታው?» አለ።

«አንተ ነህ፤ ተስተካክለህ።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት ዘፋኝ ትንፋሽ ስትወስድ ዘገየች ብለው ትንፋሿን ቆርጠው ጣሉት። ዘፈኑን የሰማ ሁሉ ታፈነ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ልብስ ሰፊ አባቷን ይዛ መጣች። አባትየው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። ጉሮሯቸውን ቀዶ ሕክምና ከተደረጉ ወዲህ ከሹክሹክታ በቀር ድምፅ የላቸውም። ለሟች ሚስታቸው ያወጡትን ዘፈን ግን ከሕመሙ በፊት ልጅቷ ወጥ ቤት ውስጥ በስልኳ ቀድታዋለች። ከሥሩ ሙዚቃ እንዲገባለት ነው የፈለገችው። ከዚያ ሌላ የአባቷ ዘፈን የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ክቡርነታቸው ድምፁን ኮምፒውተሩ ላይ ጫኑና ፍጥነቱን ፕሮግራሙ ራሱ እንዲገምት ተዉት። ፕሮግራሙ እጥፍ አድርጎ ገመተው። እሳቸውም ማሽን አይሳሳትምና በዚያው ልክ ከበሮ አስገቡ። ሽማግሌው በዝግታ ያንጎራጉራሉ፤ ከበሮው ከኋላቸው ፖሊስ እንደሚያባርረው ሌባ ይሮጣል። ክቡርነታቸው ጥፋቱን ያገኙት ሽማግሌው ላይ ነው። ድምፁን ጎተቱት፣ ቆረጡት፣ ቀጠሉት።

«ጋሼ፣ አባቴ እዚህች ጋ ቆም ይላል» አለች ልጅቷ።

«ዘግይተው ነዋ፣ እህቴ።»

«አልዘገየም። የእናቴን ስም ሊጠራ ነው።»

ሽማግሌው ተነሥተው ኮታቸውን መልበስ ጀመሩ።

«ድምፁን ወደ ማሽኑ ከሚጎትቱ ማሽኑን ወደ ድምፁ ይውሰዱት እንጂ! ፕሮግራሙ እኮ ይችላል» አልኳቸው።

«እሱ ለሰነፍ የተሠራ ነው!»

ይህን ብለው ሲያበቁ ግን ያልተነካውን ቅጂ መልሰው ከፈቱ። ስሙ ጋ ሲደርስ አቆሙት፤ ደገሙት። ከበሮውን አጠፉ። ከዚያ የሽማግሌውን ድምፅ እየሰሙ በየምቱ ላይ በእጃቸው ምልክት ማድረግና የክሊኩን ፍጥነት ከዚያው ጋር ማስማማት ያዙ። ሽማግሌው ሲዘገዩ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሲነቃቁ ይጨምራል። እነዚያ እንደ ወታደር የተሰለፉ መስመሮች ስክሪኑ ላይ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበበ። ኮት የለበሱት ሰውዬ ተመልሰው ተቀመጡ።

ቤዝ ጊታሬን ይዤ ገባሁ። ስሙ ጋ ስደርስ ለካ ቀድሜያለሁ።

«አንተ!» ብለው ጮኹብኝ። «ሰውዬው ስሟን ሳይጠሩ ወዴት ነው የምትሄደው?»

ሲያልቅ ሽማግሌው ዘፈኑን ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙት፤ ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ክቡርነታቸው ወዲያው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሙዚቃ ሰውን መከተል እንዳለበት፣ ይህንንም ከጥንት ጀምሮ ሲያስተምሩ እንደኖሩ ማብራራት ጀመሩ። እንዲህ ያለ ዐይን አውጣ አይቼ አላውቅም።

ልጅቷ በሩ ጋ ስትደርስ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠሩት?» አለችኝ።

ከመስታወቱ ወዲያ ክቡርነታቸው አንገታቸውን አስግገው መልሴን ይጠብቃሉ።

«ሁልጊዜ» አልኳት።