ክፍያና ድንኳን በከፍታ የጎልፍ ክበብ

ሰውን ከእንስሳ የሚለየው ማሰቡ ነው ሲሉ ሊቃውንት ጽፈዋል። ጉለሌ ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ግርጌ የተንጣለለው ከፍታ የጎልፍ ክበብ ግን ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ፣ ሰውን ከእንስሳም ከሌላውም ሰው የሚለየው የአባልነት ክፍያ መሆኑን ደርሶበታል። ስለዚህም በዚያ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ክፍያውን ከፍ አደረገ።

ውሳኔው ለአባላት የደረሰው በቴሌግራም ነው። «ከወቅቱ ነባራዊ ሁኔታ ጋር በማገናዘብ፣ የአባላትን ክብር ወደ ላቀ ደረጃ ለማሸጋገር ሲባል» ይላል መልእክቱ፤ ከሥሩ የተጨባበጡ እጆችና አንድ ጽጌረዳ ተለጥፈውበታል። አዲሱ ገበያ ላይ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠው አክሊል ሱቁ ውስጥ ቆሞ አነበበው። ከዚያ ተቀምጦ አነበበው። ተቀምጠው ሲያነቡትም ያው ነው።

ይሁን እንጂ ደረቱ ትንሽ ነፋ አለ። ክፍያው በጨመረ ቁጥር አክሊል የማይችለውን የሚችል ሰው እየሆነ ነበርና።

ክበቡ ባለ ዘጠኝ ጉድጓድ ነው፤ ወደ ክበቡ በሚያወጣው መንገድ ላይ ያሉትን ሳይጨምር። ሜዳው ተዳፋት ስለሆነ አቅጣጫ የሳተች ኳስ አጥር ዘላ፣ ቁልቁለቱን ይዛ ቀጨኔ ትገባለች። ቀጨኔ የገባች ኳስ አትመለስም፤ የሰፈሩ ልጆች ሰማይ ያወረደው ብይ ነው ብለው ይከፋፈሏታል። አክሊል በሦስት ዓመት አባልነቱ ከመታው ኳስ የመታው አፈር ይበልጣል። አለባበሱ ግን እንከን የለውም፤ ነጭ ሱሪ፣ ነጭ ቆብ፣ በግራ እጁ ብቻ የሚጠለቅ ነጭ ጓንት። ጓንቱን መጀመሪያ ያደረገ ዕለት ሚስቱ ታየች አገላብጣ አየችውና፣ «ሌላኛውን ማን ወሰደብህ?» አለችው።

ክበቡ ውስጥ ሲገባ ከሰፈሩ እድር ወጣ። የእድሩ ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት ነው፤ የጎልፉም ቀን ያው ነው። መውጣቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሲወጣ ንግግር አደረገ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቶለሳና አባላቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት ቆሞ፣ «ሰው ወደ ፊት ማሰብ አለበት፤ ዕድሜ ልክ ከንፍሮ ማኅበር ጋር ታስሮ አይኖርም» አለ።

ጋሽ ቶለሳ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ቀና ብለው አዩትና፣ «ወራጅ አለ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ አዲሱ ገበያ ድረስ ትከተለዋለች።

ታየች አልወረደችም። በማግስቱ በራሷ ስም ተመዘገበች፤ ውላ አድራም የእድሩ ንብረት ኃላፊ ሆና ተመረጠች። አክሊል እድር የሚባል ነገር ሲነሳ ጆሮው ስለሚደፈን ዝርዝሩን አልሰማም።

የቴሌግራሙ መልእክት በደረሰበት ቀን ማታ አክሊል የክፍያውን ነገር በእራት መሐል ጣል አደረገው።

«ለምን ጨመሩ?» አለች ታየች።

«ለክብራችን።»

«ክብራችሁ ጥቅምት ላይ ጨምሮ አልነበር?»

«እሱ... ማለቴ፣ ያ የመግቢያው ክብር ነው። ይኼ የመቆያው ነው።»

«መውጫውስ?»

ታየች ጉርሻዋን አስቀመጠች።

«ስማኝ አክሊሌ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆኖብናል። እስከ ፋሲካ ከዚህ ክበብ ያገኘኸውን አንድ ነገር አሳየኝ። በእጅ የሚዳሰስ። ትውውቅ አይደለም፣ ጓንትም አይደለም። ካጣህ ትወጣና እድሩ ፊት ቆመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ።»

ክፍያው ያላስደነገጠውን ያህል ይህ አስደነገጠው። ጋሽ ቶለሳ ፊት ቆሞ፣ የወረደበትን አውቶቡስ ደጅ ማንኳኳት! ያን ሌሊት አክሊል ሦስት ዓመት ሙሉ ምን እንዳገኘ ሲያስብ አደረ። የክበቡ አርማ ያለበት አንድ ጃንጥላ ነበረ፤ እሱንም ነፋስ ገልብጦታል።

ጠቅላላ ጉባኤው የተጠራው በዚያው ሰሞን ነው። የክበቡ ፕሬዚዳንት ክቡር ኢንጂነር ዋቅጋሪ ንግግራቸው እጅግ የተወደደ ሰው ናቸው፤ የሚሉትን የተረዳ ሰው ስለሌለ የተቃወማቸውም የለም። ድምፅ ማጉያውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ተነሡ።

«የተከበራችሁ አባላት! አንዳንድ ወገኖች ‹ለከፈልነው ምን እናገኛለን?› ሲሉ ይሰማል። ይህ የጉልት ጥያቄ ነው። ቲማቲም የሚገዛ ሰው ይጠይቀው! እኛ ለአገልግሎት አንከፍልም። ክፍያው ራሱ አገልግሎት ነው!»

ጭብጨባው ጣሪያውን አነቃነቀው። ከአክሊል ጎን የተቀመጠው ሴራሚክ ነጋዴው አሽረፍም እያጨበጨበ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«እኔስ ቲማቲሙ ይሻለኝ ነበር።»

አክሊል ፋሲካ ታየው። ጋሽ ቶለሳም ታዩት። እጁን አወጣ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት፣ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እ... ብቻ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ቢኖር። ለቤተሰብ የሚታይ፤ ለምሳሌ ለባለቤት።»

ኢንጂነሩ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ የራሳቸው ቤት ትዝ ያላቸው ይመስል መልሰው ገጠሙት። በየወንበሩ ያለ ባል ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ወዲያውኑ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ልምድ ቀሰመ፤ ለልምዱ ማስፈጸሚያም ክፍያው ላይ ጥቂት ተጨመረ። ጥናቱም የሚከተለውን ታላቅ ግኝት ይዞ መጣ፤ አባላት ከሁሉ በላይ የሚሹት በደስታም በሐዘንም ጊዜ ፈጥኖ የሚደርስላቸው ተቋም ነው። ስለሆነም ኢንጂነሩ «በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያ የሆነውን» የሁለንተናዊ ማኅበራዊ ድጋፍ ፓኬጅ ይፋ አደረጉ። ፓኬጁ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የያዘ ሲሆን፣ ዕቃውን በጨረታ የተመረጡ አቅራቢዎች እንደሚያቀርቡ ተገለጸ።

አክሊል ነገሩን የሆነ ቦታ የሚያውቀው መሰለው። ነገር ግን እንዲህ ባለ አማርኛ ሰምቶት ስለማያውቅ ተወው።

መጋቢት ላይ አክስቱ እማማ ቦሰና አረፉ። ዘጠናን ከተሻገሩ ቆይተዋል፤ ሞታቸውም እንደ ኑሯቸው ሥርዓት ነበረው። ንስሐ ገብተው፣ ዘመድ አዝማድ መርቀው፣ በመጨረሻ አክሊልን አስጠርተው፣ «ያንን ዱላህን ይዘህ ለቅሶዬ ላይ እንዳትቆም» አሉትና አሸለቡ። አሳድገውታልና አክሊል ከአንጀቱ አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር። እንባውን ሲያብስ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ፓኬጁ ትዝ አለው።

ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። ተመልሶ ሲመጣ ሐዘኑ ላይ አንድ ዓይነት ግርማ ተጨምሮበት ነበር።

«ታየች፣ የእድርሽን ድንኳን እንዳታስመጪ። የክበባችን እየመጣ ነው።»

ታየች ነጠላዋን ዘቅዝቃ እንደለበሰች ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«በእጅ የሚዳሰስ ነገር አላልሽም? ድንኳን ነው። ከፈለግሽ ዳስሺው።»

«ይሁን» አለች። «ይምጣ።» ነጠላዋንም ወደ አፏ ሳብ አደረገችው። አክሊል ለቅሶ መሰለው።

ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቀብር ሲመለሱ ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቃቸው። ግንባሩ ላይ «ከፍታ የጎልፍ ክበብ፤ በሁሉም ከፍታ ከእርስዎ ጋር» የሚል ሰማያዊ ጨርቅ ተወጥሯል። ወንበሩ ተደርድሯል፣ ንፍሮው ቀርቧል። ለቅሶው ዕድሜ የጠገበ ሰው ለቅሶ ነው፤ ሰዉ የእማማ ቦሰናን ነገር እያነሣ ማልቀስ ሲጀምር ሳቅ ይቀድመዋል። ከክበቡ የመጣው አሽረፍ ብቻ ነበር። የተቀሩት በቴሌግራም የተጨባበጡ እጆች ልከዋል።

አክሊል አሽረፍን አጠገቡ አስቀመጠው።

«ጥራቱን አየህልኝ?»

«ምኑን?»

«ድንኳኑን ነዋ። ከውጭ የመጣ ይመስለኛል። የእድር ድንኳን እኮ አየር አያስገባም፤ ይኼ አየሩን እንዴት እንደሚያንሸራሽረው ተመልከት።»

አየሩን ለማሳየት ቀና አለ። ከራሱ በላይ፣ ምሰሶው ጥግ፣ አንድ ጥቁር ልጥፍ አየ። የቧንቧ ማሸጊያ ፕላስቲክ ነው፤ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ በቧንቧ ማጣበቂያ የተለጠፈ፣ አንዱ ጫፉ ትንሽ የተንሻፈፈ። በዓለም ላይ ድንኳንን በቧንቧ ማጣበቂያ የሚጠግን ሰው ብዙ አይኖርም። አክሊል ግን አንዱን በደንብ ያውቀዋል። ገና የእድሩ አባል ሳለ፣ በአንድ ክረምት፣ መሰላል ላይ ወጥቶ የለጠፈው ራሱ ነው።

«ምነው? ንፍሮው ድንጋይ አለው?» አለ አሽረፍ።

አክሊል ተነሣ። ጋሽ ቶለሳ መግቢያው አጠገብ ወንበር ያስተካክላሉ።

«ጋሽ ቶለሳ፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ግን ለዚህ የክበባችን ሰዎች አሉ።»

«የክበባችሁ ሰዎች እኛ ነን ልጄ። ጨረታውን አሸነፍን።»

«ጨረታው ውስጥ ማን አስገባችሁ?»

ጋሽ ቶለሳ በአገጫቸው ወደ ሴቶቹ በኩል ጠቆሙ። ታየች የእድሩን ዕቃ ማስቀመጫ ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ንፍሮ ታድላለች። ለአክሊል ነገሩ እንደ መርፌ ክር ቀስ ብሎ ገባው።

«ስለዚህ... ታየች አባል ናት። ባላዝዝም ይኸው ድንኳን በነጻ ይመጣ ነበር ማለት ነው?»

«ይመጣ ነበር እንጂ። አታምጡ አልክ።»

«አሁን ግን ክበቡ ይከፍላችኋል።»

«ክበቡ ከየት አባቱ ያመጣል? አንተ ነህ የምትከፍለን።» ጋሽ ቶለሳ ከእጃቸው ንፍሮ አንሥተው ቆረጠሙ። «እንግዲህ ምን ይደረግ፤ ዞሮ ዞሮ ከቤት።»

ፋሲካ አለፈ። ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ አክሊል ነጭ ሱሪውን ትቶ፣ ሁለቱንም እጁን ባዶ አድርጎ ወደ እድሩ አዳራሽ ሄደ። በመንገድ ላይ የይቅርታውን ንግግር አጠና። አጭር ነበር፤ ያለፈው ረጅሙ ምን እንዳመጣበት ያውቃል።

«ወገኖቼ፣ ተሳስቼ ነበር» አለ ቆሞ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው እኔን ነው። ይቅር በሉኝና ቅጣቴን ከፍዬ ልመለስ። ከጎልፉም ነገ ጠዋት እወጣለሁ።»

ሳቅ ይጠብቅ ነበር። አዳራሹ ግን በድንጋጤ ደረቀ።

«ትወጣለህ?» አሉ አንዲት አሮጊት ከኋላ።

«ማን ፈቀደልህ?» አለ ሌላው።

«ይኼ ልጅ ምን ሆኗል? አዲሶቹን ወንበሮች ገና አሁን አይደል የገዛናቸው?»

ጋሽ ቶለሳ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙ። ክበቡ ድንኳኑን መከራየት ከጀመረ ወዲህ የእድሩ ወርኃዊ መዋጮ በግማሽ ቀንሷል፤ አቅም የሌላቸው ሁለት ባልቴቶችም ጭራሽ መክፈል አቁመዋል። ዳኛው ይህን ሁሉ በአንድ አፍታ አስበው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አክሊል ልጄ፣ ይቅር ብለንሃል፤ ተመልሰሃል። ወጥቶ ለተመለሰ ግን ቅጣት አለ። ቅጣትህ ይኼ ነው፤ ክበቡ ውስጥ ትቆያለህ። ክፍያ ይጨመር ሲባልም እጅህን ቀድመህ ታወጣለህ።»

አክሊል ወደ ታየች ዞረ። «አንቺስ? ውጣ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«የሚዳሰስ ነገር አሳየኝ አልኩህ» አለች ታየች፣ አዲሱን ወንበር መታ መታ እያደረገች። «አሳየኸኝ።»

ሰኔ ላይ ከፍታ የጎልፍ ክበብ ጉባኤውን ጠራ። ኢንጂነር ዋቅጋሪ የድጋፍ ፓኬጁ ያስመዘገበውን አንጸባራቂ ውጤት አብራርተው፣ ከዚሁ ጋር በማገናዘብ ክፍያው ለአምስተኛ ጊዜ ከፍ እንዲል የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ አሉ። አክሊል ቅጣቱን ለመፈጸም እጁን ወደ ላይ ወረወረ፤ ሆኖም አልቀደመም። ከጎኑ የአሽረፍ እጅ ቀድሞ ወጥቷል። ከፊታቸው አንድ፣ ከኋላቸው ሦስት፣ ቀጥሎም አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ። ሁሉም ጣሪያውን ነው የሚያየው። ኢንጂነሩ ራሳቸው አንድ እጃቸውን አውጥተው በሌላኛው ላባቸውን ጠረጉ።

«እንዲህ ያለ አንድነት የትም አልታየም!» አሉ በተሰበረ ድምፅ።

አክሊል ወደ አሽረፍ ጠጋ አለ።

«የእናንተ እድር ምንድን ነው የሚያከራየው?»

አሽረፍ እጁን ሳያወርድ፣ ፊቱን ሳያዞር መለሰለት።

«ድስት።»