የኮርቻ ሰፊው አማት

አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል ስለ እናት ይመስላችኋል አይደል? የለም። ተረቱን ያወጣው በአንድ ኮርቻ ሰፊ ተማምኖ ከጦሩ ጋር የተዋዋለ ሰው ነው።

በጃንሆይ ጊዜ አሰበ ተፈሪ፣ ለጦሩ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ዘንድ እሠራ ነበር። አርባ የበቅሎ የጭነት ኮርቻ ልናስረክብ ፈረምን። ጦሩ የሚፈልገውን ዓይነት የሚሰፋ ደግሞ በአገሩ አንድ ሰው ብቻ፤ የከተማችን አደም። እጁስ እጅ ነው! የሱን ኮርቻ የተጫነች በቅሎ ሐረር ደርሳ ጭነቷ ሲወርድ ትቆጣለች፤ ሐሰት ካልኩ በቅሎዎቹ ይመስክሩ። ምን ያደርጋል፣ ብቸኛ መሆኑን አወቀ። ጠዋት ስሄድ «ቆዳው አልለሰለሰም»፤ ከሰዓት ስሄድ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ነው። ማር ወሰድኩለት፣ ጫት ወሰድኩለት። ማሩን ልሶ፣ ጫቱን ቅሞ «ነገ፣ ኢንሻ አላህ» አለኝ። ኮርቻውን የሚረከበው ሻምበል ይቆጣል ብዬ ባስፈራራው «እንግዲያ ሻምበሉ ይስፋዋ!»

ርክክቡ ዐሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው የተሰፋው አራት። ቀኑ ካለፈ ውሉ ይቀደዳል፤ አደምን «እኔ አውቀዋለሁ» ብዬ ያመጣሁት እኔ ነኝና የምባረረውም እኔ። ሌላ ሰፊ ፍለጋ ገለምሶ ሄድኩ። ሐጂ ኡመር የሚባሉ ሽማግሌ ቆዳ ነጋዴ «ስንት ቀረህ? ሠላሳ ስድስት? በዐሥረኛው ቀን ና ውሰድ» አሉኝ። በማን እንደሚያሰፉ አልጠየቅኩም። ደስታ መች ያስጠይቃል? ስመለስ የአደም ሱቅ ተዘግቷል። «ይቃም! ከእንግዲህ ማን ይለምነዋል?» አልኩ።

በዐሥረኛው ቀን ሐጂ ግቢ ብገባ ኮርቻው እንደ ሰልፈኛ ተደርድሯል። ጥግ ላይ አንድ ሰው አቀርቅሮ የመጨረሻዋን ይሰፋል። ቀና ሲል፣ አደም! ዓይኑ በርበሬ መስሏል።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ቀስ በል፣ አማቴ ይሰማሉ!»

«ለእኔ ስንት ወር ነገ፣ ነገ ስትል…»

«አንተ ልጅህን ድረኸልኛል እንዴ?»

እውነቱን ነው። በዚያ አገር አማት ፊት ነገ አይባልም፤ ሳል እንኳ አስፈቅዶ ነው የሚመጣው።

ሻምበሉ ሠላሳ ስድስቱ ከገለምሶ መምጣቱን ሰምቶ ኖሮ አርባውንም እያገላበጠ አየና «ሁለት ሰፊ ሲወዳደር እንዲህ ያምራል! ግን የገለምሶው ይበልጣል» አለ። እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

እና አንድ ያላት እንቅልፍ የላት? ውሸት! ትተኛ እንጂ። ከዚያ ወዲህ ብቸኛ ባለሙያ ሲያጋጥመኝ ማርም አልወስድ፣ ቀንም አልቆርጥ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው፦ «ሚስቱ የማን ልጅ ናት?»