የህንድ ቤት ጌጥ መራጭ ኮሚቴ

ባለፈው ግንቦት በሚኒሶታዋ ኩን ራፒድስ ከተማ፣ በአቶ ክፍሌ ሳሎን የተፈጸመው ታላቅ ሥራ በወሬ ብቻ እንዳይቀር ብዬ ይህን ስጽፍ ከማንም ምስጋና አልጠብቅም። የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሁሉንም አይቻለሁ፣ በሁሉም ላይ ፈርሜያለሁ። ቤትን መሸጥ ለማንም አይከብድም። የራስን ቤት የሌላ ሰው አስመስሎ መሸጥ ግን ብስለት ይጠይቃል፤ ብስለት ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ በእኛ በኢትዮጵያውያን ማኅበር ሞልቶ ተርፏል።

የክፍሌ ቤት በሩን እንደከፈቱ ወይ ሰባት ደረጃ ወደ ላይ ወይ ሰባት ደረጃ ወደ ታች ከሚሉት ቤቶች አንዱ ነው። የሚስቱ የእህተማርያም እናት፣ እማማ ዘመናይ፣ ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ ላይኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ቀርተዋል። እሑድ እሑድ ክፍሌና ከእኛ አንዱ በወንበር ተሸክመን ለቅዳሴ እናወርዳቸዋለን፤ የቀረውን ስድስት ቀን ዓለምን የሚያዩት በመስኮት ነው። ዌስት ሴንት ፖል ውስጥ አንድም ደረጃ የሌለው ቤት ተገኝቶላቸዋል። የዚያ ቤት ባለቤትም «የእናንተን ከሸጣችሁ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ» ብሏል። የክፍሌ ቤት ግን ስድስት ሳምንት ገበያ ላይ ቆሞ የሚያየው እንጂ የሚገዛው ጠፋ። ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ደላላው ናፍያድ ደወለ።

«የምስራች! አንድ የህንድ ቤተሰብ ኢንተርኔት ላይ ፎቶውን አይተው በጣም ወደውታል። ቅዳሜ ጠዋት ሊያዩት ይመጣሉ።»

ሌላ ሕዝብ ቢሆን «እሰይ!» ብሎ ቤቱን ይጠርግ ነበር። እኛ ኮሚቴ አቋቋምን።

ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው አቶ አለልኝ ነው። አለልኝ ትራክ ይነዳል። ህንድ አገር ሄዶ አያውቅም፤ ነገር ግን በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ተቀምጦ ከአርባ በላይ የህንድ ፊልም ያለ ትርጉም አይቷል፤ አንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ። በዚህ ሙያ የሚፎካከረው ሰው ከሜኒያፖሊስ እስከ ሴንት ፖል አልተገኘም። ጸሐፊነቱ ለእኔ የተሰጠኝ እስክሪብቶ ስለያዝኩ ነው። ክፍሌ ቤቱ የእሱ በመሆኑ ብቻ በአባልነት ተፈቀደለት።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ውድ የኮሚቴው አባላት! ሰው የሚገዛው ጣሪያና ግድግዳ አይደለም፤ ስሜት ነው። ህንዱ ይህን በር ሲያልፍ ‹እናቴ ቤት ገባሁ› ማለት አለበት። እንግዲህ የዕለቱ ጥያቄ፣ በህንዶች ቤት የታወቁትና የተወደዱት ጌጦች የትኞቹ ናቸው የሚል ይሆናል።»

«ፎቶውን አይተው ወደውታል አይደል እንዴ ያለው?» አለች እህተማርያም። ከሆስፒታል ሥራዋ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። «ምኑን እንደወደዱት ለምን አንጠይቅም?»

«እህትዬ፣ አሁን የወደዱት ከነጉድለቱ ነው» አለ አለልኝ። «ጉድለቱን ስናሟላውማ አስቢው!»

ይህን የመሰለ ክርክር እንዴት ይመለሳል? ሁለተኛውን ጫማዋን አወለቀች።

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጃቸው ኢያኤል ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ዳድ፣ ኖት ኦል ኢንዲያንስ አር ዘ ሴም» አለች፤ ህንድ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ማለቷ ነው።

«አውቃለሁ የኔ ቆንጆ። እኛም የምንፈልገው አንዱን ብቻ ነው» አለ ክፍሌ። «ይልቅ ዝርዝሩን ፈልጊልን።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ሰቀለችና የአሥር ጌጥ ዝርዝር አወጣች። እያነበበች ጻፍኩ። የአማልክት ምስል የሚለው ላይ ስንደርስ ሰብሳቢው እጁን አነሣ። «ይህ አይሆንም። የሰው እምነት የቤት መሸጫ አይደለም!» በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ይህ ክቡር ውሳኔ ከጸደቀ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ፣ ህንዱ ቅር እንዳይለው፣ የእመቤታችን ሥዕል ከሳሎኑ ግድግዳ እንድትወርድ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ከሶፋው ላይ ድምፅ መጣ።

«ማንን ነው የምታወርዱት?»

«ለአንድ ቀን ነው እኮ እማማ» አለ ክፍሌ። «ለእርስዎው ብለን ነው።»

«እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ።»

ኮሚቴው ጉዳዩን ሲመረምር እንዲያውም የተመቸ ሆኖ አገኘው። ናፍያድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የግል ነገሮችን ከዓይን አርቁ ሲል ነበርና። ቃለ ጉባኤው ተራ ቁጥር ሰባት ላይ «ከሳሎን የሚነሡ፦ ሥዕል፣ የምረቃ ፎቶ፣ እማማ» የሚለው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ተጧጧፈ። የነሐስ ዝሆን ካገለገለ ዕቃ መሸጫ ተገኘ፤ ቁመቱ እስከ ክፍሌ ወገብ ይደርሳል። ዝርዝሩ ኩምቢው ወደ ላይ የሆነው ዕድል ያመጣል ይላል፤ የእኛው ወደ ታች ነው። አለልኝ ዞር ዞር ብሎ አየውና «እጅ እየነሣ ነው፤ ለገዢው አክብሮት ነው» ብሎ ፈታው። የጣዎስ ላባ በእንስራ፣ መስታወት የተሰፋበት ትራስ፣ በበሩ ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ ቢጫ የአበባ ጉንጉን፣ ሁሉም በየቦታው ገባ።

ሳሎን ውስጥ የሚንጠለጠል የእንጨት ዥዋዥዌም ዝርዝሩ ላይ ነበር። ክፍሌ አንድ ሌሊት ሙሉ ጣሪያ ሲበሳ አደረ። ጠዋት ሰብሳቢው ለሙከራ ተቀመጠበትና «ወይ ሀገር!» ብሎ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ። ሦስተኛውን በወለሉ ላይ ጨረሰ። የጣሪያውን ቀዳዳ በተረፈው የአበባ ጉንጉን ሸፈንነው፤ የሰብሳቢውን ወገብ እህተማርያም አሸችው።

የመጨረሻው ጌጥ በደጃፍ ላይ በባለቀለም ዱቄት የሚሳል ሥዕል ነው። ባለቀለም ዱቄት የሚሸጥበትን አላወቅንም። ግን ዱቄት ከእኛ ቤት መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ቀዩን በበርበሬ፣ ቢጫውን በእርድ፣ ነጩን በፍርኖ፣ በቀይና በቢጫ መካከል ያለውን በሚጥሚጣ ሞላነው። አለልኝ በገዛ እጁ ክንፏን የዘረጋች ጣዎስ ሳለ።

እህተማርያም አጎንብሳ አየችው። «ዶሮ ወጥ ነው የሚመስለው» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት እማማ ዘመናይን በወንበራቸው ተሸክመን አወረድናቸው። ሥዕሏን በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ኢያኤል አብራቸው ሆና ግቢው ውስጥ የቆመው ቫን ውስጥ ተቀመጡ። ናፍያድ ቀድሞ መጣና በሩ ላይ ቆሞ አድራሻውን ስልኩ ላይ ደግሞ አየ።

«ቤቱ ይሄ ነው?»

«ግባ፣ ግባ! ዶሮዋን... ጣዎሷን እንዳትረግጥ!» አለ ክፍሌ።

«ጋሽ ክፍሌ፣ ምን አድርጋችሁ ነው? ደግሞስ ገዢ ሲመጣ ባለቤት ይወጣል እንጂ አይቀመጥም።»

«እንግዳ ሲመጣ ቤት ጥሎ መውጣት? ነውር አይደለም እንዴ!»

እንግዶቹ ደረሱ። ጸጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ነው፤ ሚስተር ኩሪያን ይባላል። ናፍያድ በሩን ወለል አድርጎ ሲከፍት የሚኒሶታ ነፋስ ተከትሏቸው ገባና ጣዎሷን ከነክንፏ አነሣት። ሚጥሚጣው ሳሎን ድረስ ወጣ። ሰውዬው አነጠሰ፤ ሚስቱ አነጠሰች፤ ሁለቱም ዓይናቸው በእንባ ተሞላ።

አለልኝ የክፍሌን ክንድ ጨበጠ። የምንነጋገረው በአማርኛ ነው፤ ማን ይሰማናል ብለን?

«አለቀሰ! አየኸው? ሀገሩ ትዝ ብሎት ነው!»

«ሚስቱም እያለቀሰች ነው! አንተ ሰው፣ ተሳካልህ እኮ!»

«ጫማውን አይተኸዋል? ሀብታም ነው።»

«ዋጋ እንጨምር እንዴ?»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ዝሆኑን ይየው።»

ሰውዬው ዝሆኑን አየና አለፈው። ሥዕሏ ከነበረችበት ግድግዳ ፊት ሲደርስ ግን ቆመ። ቀለሙ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ቦታና አንድ ምስማር ብቻ ነው የቀረው። ምስማሩን በጣቱ ነካ አደረገው። ለሚስቱ በቋንቋቸው ቀስ ብሎ አንድ ነገር ነገራት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች።

«የምስማሩን ጥንካሬ እየለካ ነው» አለ አለልኝ። «አለቀ በቃ፣ ገዛው!»

ሰውዬው በትሕትና አመስግኖ ከሚስቱ ጋር ደረጃውን ወረደ። ናፍያድ ተከትሎት ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ብቻውን ተመለሰ።

«ሀሳባቸውን ቀይረዋል» አለ። «ይቅርታ።»

ክፍሌ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል። «ከአሁን በኋላ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለ፤ እማማን ማለቱ ነው። እህተማርያም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ ያ እንኳ ከሚጥሚጣው አልነበረም። እኔም ምን ይደረግ ብዬ እስክሪብቶዬን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

በዚህ መሀል ነው ከግቢው የእማማ ድምፅ የተሰማው። ሁላችንም ወደ በሩ ሄድን። የቫኑ መስኮት ተከፍቷል፤ ሚስተር ኩሪያን አጠገቡ ጎንበስ ብሎ ቆሟል።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ?» አለ። በአማርኛ! «ምነው ውጭ ተቀመጡ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ህንድ ይመጣል ብለው ደብቀውኝ ነው።»

«ህንዱማ እኔ ነኝ።»

«አንተማ የሰው ልጅ ነህ» አሉ እማማ። «አማርኛውን ከወዴት አመጣኸው?»

«ጅማ ነው የተወለድኩት። አባቴ እዚያ ፊዚክስ አስተማሪ ነበር፤ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ ጅማ ነው ያደግሁት። የደቡብ ህንድ፣ የኬረላ ሰዎች ነን፣ ኦርቶዶክስ። ፎቶው ላይ የእመቤታችንን ሥዕል ግድግዳው ላይ አይታ፣ ሚስቴ ‹ይህ ቤት ጸሎት ያለበት ነው፤ ሌላ አልፈልግም› አለች። ዛሬ ስንገባ የለችም። ቤቱን የተሳሳትን መሰለን።»

እማማ ነጠላውን ገለጥ አደረጉት። ሰውዬው ኮፍያውን አውልቆ ተሳለመ፤ ሚስቱም ተሳለመች።

ከቫኑ የኋላ ወንበር ኢያኤል በሳቅ ፈነዳች። «ኦ ማይ ጋድ! ሁሉንም ሰምቷችኋል!»

ክፍሌ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ሚስተር ኩሪያን ወደ እሱ ዞረና ዓይኑን እየጠረገ ፈገግ አለ።

«ጫማውን በቅናሽ ነው የገዛሁት» አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ተፈራረሙ። ገዢው ሁለት ነገር ብቻ አስጻፈ፤ አንደኛ፣ ዝሆኑና የዝሆኑ ዘመዶች በሙሉ ከቤቱ እንዲወጡ፤ ሁለተኛ፣ የሥዕሏ ምስማር እንዳይነቀል፤ የራሱን ሊሰቅልበት ነው። እማማ ዘመናይም ዌስት ሴንት ፖል ገቡ። አሁን ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ማንም ሳይሸከማቸው፣ በገዛ እግራቸው ደጅ ይወጣሉ።

ባለፈው ቅዳሜ በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሰብሳቢው የማጠቃለያ ሪፖርት አቀረበ። «ቤቱ ለስድስት ሳምንታት ሳይሸጥ ቆይቶ፣ ጌጡ በተሟላ በመጀመሪያው ቀን ተሽጧል። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል!» አለ። ጭብጨባው እስከ ጎዳናው ተሰማ፤ አለልኝ የምስክር ወረቀት ተሸለመ። ቤታቸውን ለሽያጭ ያወጡ አራት አባላት ሥዕሎቻቸውን አውርደው ዝሆኑን በተራ ለመዋስ እዚያው ተመዘገቡ።

በመጨረሻ እማማ ዘመናይ አንድ ቃል እንዲናገሩ ተጋበዙ።

«እኔ የተማርኩ አይደለሁም ልጆቼ» አሉ። «ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰው ደስ ይለዋል ብላችሁ ያስገባችሁትን ሁሉ ሰውዬው አውጡልኝ አለ። ታሳፍረናለች ብላችሁ ወደ ውጭ ያወጣችኋትን ነው ፍለጋ የመጣው።»

ይህ አስተያየት ሰዓት በማለቁ ምክንያት በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም። ያልታየ አንድ አስቸኳይ አጀንዳም ነበረብን፤ የእኔ ቤት። ነገ ሊያየው የሚመጣው ሰውዬ ሜክሲኳዊ ነው ይባላል። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል፤ የቀረን ሰፊውን ባርኔጣ በሩ ላይ ቆሞ የሚደፋው ማን እንደሚሆን መወሰን ብቻ ነው።